የመሣሪያው ጌታ ማነው?

የኢትዮጵያ ገበሬ ሞፈሩን ከዛፍ ቆርጦ ይጠርባል፤ ድግሩን ያበጃል፤ ቀንበሩንም በበሬዎቹ ጫንቃ ልክ ያስተካክላል። ማረሻው ሲዶለዱም ወደ ቀጥቃጭ ይወስደዋል። ሞፈሩ በእርሻ መካከል ቢሰበርበት ያዝናል እንጂ ግራ አይጋባም፤ የመሣሪያው ብልት ሁሉ ለዓይኑ የተገለጠ፣ ለእጁ የታወቀ ነውና። ይህ ሰው ድኻ ሊሆን፣ መሬቱም ጠባብ ሊሆን ይችላል። በመሣሪያው ላይ ግን ጌታ ነው።

ዘመናዊው ትራክተር በጉልበቱ ከዚህ ማረሻ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ይሁን እንጂ በሆዱ ውስጥ ኮምፒዩተር ተቀምጧል፤ ኮምፒዩተሩንም የሚያዝዘው ፕሮግራም የሚባለው የጽሑፍ ትእዛዝ ነው። በአሜሪካ ብዙ ገበሬዎች በገንዘባቸው የገዙትን ትራክተር ራሳቸው ለመጠገን ቀርቶ ብልሽቱን ለይተው ለማወቅ እንኳ የአምራቹን ደጅ መጥናት ግድ ሆኖባቸው አማርረዋል። ከዚህም የተነሣ የኮሎራዶ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2023 አምራቾች ለእርሻ መሣሪያ ጥገና የሚያስፈልገውን መመሪያ፣ መለዋወጫና ፕሮግራም ለባለንብረቱና እርሱ ለመረጠው ጠጋኝ እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ለመሆኑ ሰው ከፍሎ የገዛውን ነገር ከፍቶ ማየትና ማረም ካልቻለ ባለቤት ነው ወይስ ተከራይ?

ይህ ጥያቄ ከትራክተሩ በፊት በኮምፒዩተር ባለሙያዎች መካከል ተነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ የፕሮግራም ጸሐፊ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ቤተ ሙከራ ይሠራ ነበር። በዚያ የነበረው አሮጌ የማተሚያ መኪና ወረቀት ሲይዘው ለሚጠባበቁት ሠራተኞች ሁሉ መልእክት እንዲደርሳቸው ፕሮግራሙ ተሻሽሎ ነበር። አዲስ ማተሚያ በመጣ ጊዜ ግን የፕሮግራሙ ጽሑፍ አብሮት አልመጣም። ስቶልማን ጽሑፉ ወዳለው አንድ ተመራማሪ ሄዶ ቢጠይቅ፣ ለማንም ላለመስጠት ቃል ገብቻለሁ የሚል መልስ አገኘ። ጉዳዩ ከወረቀት መያዝ የማያልፍ ቀላል ነገር ይመስላል። ስቶልማን ግን አንድ ሰው ባልንጀራውን ላለመርዳት አስቀድሞ መማሉን እንደ ግብረ ገብ ጉድለት ቆጠረው። እ.ኤ.አ. በ1983 ማንም ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላ ሊያካፍለው የሚችል ሙሉ የፕሮግራም ሥርዓት ለመጻፍ መነሣቱን አስታወቀ፤ ስሙንም ግኑ አለው።

ቁጣውን ለመረዳት ፕሮግራም መጻፍ ጥበበ እድ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ሸማኔ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጉድጓዱ ገብቶ፣ የአባቱን እጅ አይቶ ይማራል። የቅኔ ተማሪም የመምህሩንና የባልንጀሮቹን ቅኔ ሳይሰማና ሳይፈታ አይዘርፍም። ፕሮግራም ጸሐፊም እንዲሁ የሌሎችን ጽሑፍ እያነበበ፣ እየፈታና እያቃና ይሠለጥናል። ጽሑፉን መቆለፍ እንግዲህ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤቱንም መዝጋት ነው።

ሁሉ ሰው ፕሮግራም ጸሐፊ ሊሆን አይችልም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው። ገበሬውም ቢሆን ብረት አይቀጠቅጥም። ነገር ግን ቀጥቃጩን ይመርጣል፤ ሥራው ካላስደሰተው ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ማረሻውም ለማንኛውም ቀጥቃጭ መዶሻ ክፍት ነው። ነፃነቱ ሁሉን በገዛ እጁ በመሥራቱ ሳይሆን ማንም እጁን ሊያስርበት ባለመቻሉ ላይ ነው።

የግዕዝ ፊደል ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። የጽሕፈት መኪና በመጣ ጊዜ ከሁለት መቶ ሠላሳ የሚበልጡት ፊደላት በጥቂት ደርዘን ቁልፎች ላይ አልሰፈር አሉ። እነ ኢንጂነር አያና ብሩ ብዙ ደክመው መኪናው አማርኛ እንዲጽፍ አደረጉ። ይሁን እንጂ ብረቱ ከተወሰነ ልክ በላይ አልታዘዝ ስላለ የፊደሉ መልክ ተቆራረጠ፤ ቀለማቱም በቅጥያ ምልክት ተገጣጠሙ። እንዲያውም ፊደሉ ለመኪናው ሲባል እንዲቀነስ የጠየቁ ነበሩ። ኮምፒዩተር ሲመጣ ግን የፊደል መልክ በብረት ሳይሆን በፕሮግራም የሚወሰን ሆነ። በአገር ውስጥና በውጭ የነበሩ ባለሙያዎች ፕሮግራሙን በእጃቸው ጻፉ፤ ፊደሉም ሳይሰበር ተጻፈ። ሆኖም እያንዳንዱ የየራሱን ስውር ቁጥር ለፊደላቱ ስለሰጠ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አልነበብ አለ። ይህ ችግር መቃለል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደሉ ለሁሉ ክፍት በሆነው ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ ቦታውን ካገኘ በኋላ ነው። መኪና ለሰው እንዲታዘዝ የሚያዝዘው ሰው መኖሩ ብቻ አልበቃም፤ የትእዛዙ ቋንቋ የጋራ መሆንም ነበረበት።

አምራቾች፣ ባለቤቱ ፕሮግራሙን ቢነካካ አደጋ ያደርሳል ይላሉ። ሊያደርስም ይችላል። ነገር ግን ማረሻም እግር ይቆርጣል፤ ገበሬው የሚጠነቀቀው መሣሪያው በእጁ ስለሆነ ነው። ሊለውጠው በማይችለው ነገር ሰው ሊወቀስ አይገባም፤ የማይወቀስም ሰው ኃላፊ አይሆንም። ከመሣሪያው ላይ ሥልጣኑ የተነጠቀ ሰው የሚያጣው ምቾቱን ብቻ አይደለም፤ ስለ ሥራው መልስ የመስጠት መብቱንም ጭምር ነው። ሞፈሩን ራሱ የጠረበ ገበሬ ትልሙ ቢጣመም ጥፋቱ የኔ ነው ይላል። የተቆለፈ መኪና የሚነዳ ሰው ግን ይህን ለማለት እንኳ አልታደለም።