በአንድ ማዕድ ዙሪያ የተጠራ ሕዝብ



ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ተላልፎ በተሰጠባት ሌሊት፣ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር በማዕድ ላይ ሳለ ዓይኖቹን ወደ ሰማይ አንሥቶ ጸለየ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 17 የተጻፈልን ይህ ጸሎት በተነበበ ቁጥር ልባችንን ሊነካው ይገባል። ይሁዳ ወጥቶ ሄዷል፤ ሞት በደጅ ቆሟል። በዚያች ሰዓት ጌታችን ደጋግሞ የለመነው ደቀ መዛሙርቱና በቃላቸው የሚያምኑት ሁሉ አንድ እንዲሆኑ ነው። አንድነታቸውንም ዓለም በእርሱ መላክ ያምን ዘንድ ምልክት አደረገው። እንግዲህ የክርስቲያኖች መለያየት የራሳቸው የቤት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ገና ላላመነው ሰው የእምነትን በር ይዘጋበታል።

ስለ አንድነት ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተዘምሯል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንሻው ግን አንድ ጥያቄ ነው፤ አንድነታችን እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው የት ነው? ቅዱሳት መጻሕፍት ደጋግመው ወደ አንድ ስፍራ ይመሩናል፤ እርሱም ማዕድ ነው። ከማን ጋር እንበላለን? ማንን በአጠገባችን እናስቀምጣለን? ጽዋችንንስ ለማን እናቀብላለን?

በጌታችን ዘመን በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ አሕዛብ እስከ ውጭኛው አደባባይ ድረስ ብቻ እንዲገቡ ይፈቀድላቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ አጥር ነበረ፤ ባዕድ ሰው ያን አጥር ቢያልፍ በራሱ ላይ ሞት እንደሚያመጣ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍም በግሪክ ቋንቋ በድንጋይ ላይ ተቀርጾ ቆሞ ነበር። ከነዚህ የማስጠንቀቂያ ድንጋዮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1871 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ተገኝቶ ዛሬ በኢስታንቡል ቤተ መዘክር ተቀምጧል። ቅዱስ ጳውሎስ በቤተ መቅደስ ተይዞ ለእስራት የተዳረገው ጥሮፊሞስ የተባለውን የኤፌሶን ሰው ወደ ውስጥ አስገብቷል ተብሎ በመጠርጠሩ ነበር (የሐዋ. 21፡27-29)። እንግዲህ በኤፌሶን መልእክት ክርስቶስ ሁለቱን ወገኖች አንድ እንዳደረጋቸውና በመካከላቸው የቆመውን የጥል ግድግዳ በገዛ ሥጋው እንዳፈረሰ ስናነብ (ኤፌ. 2፡14)፣ ይህ ግድግዳ የአነጋገር ዘይቤ ብቻ እንዳልነበረ እናስተውላለን። ሰው የሚታሰርበትና የሚሞትበት ግድግዳ ነበረ።

ይሁን እንጂ የፈረሰ ግድግዳ በሌላ መልክ ተመልሶ ሊታነጽ ይችላል። የጌታ ተከታዮች ለመጀመሪያ ጊዜ ክርስቲያን ተብለው በተጠሩባት በአንጾኪያ ከአይሁድ የመጡና ከአሕዛብ የመጡ ምእመናን በአንድነት ይበሉ ነበር። ቅዱስ ጴጥሮስም ከእነርሱ ጋር በማዕዱ ይቀመጥ ነበር። ነገር ግን ከኢየሩሳሌም ሰዎች በመጡ ጊዜ እነርሱን ፈርቶ ከአሕዛብ ማዕድ ተለየ፤ ሌሎችም ተከተሉት፤ በርናባስ እንኳ ሳይቀር ተሳበ። ቅዱስ ጳውሎስም በሁሉ ፊት ተቃወመው (ገላ. 2፡11-14)።

ነገሩን በእርጋታ እንመልከተው። ቅዱስ ጴጥሮስ በዚያን ጊዜ አንድ የሃይማኖት አንቀጽ አልካደም፤ የስሕተት ትምህርትም አላስተማረም። ያደረገው ከአንድ ማዕድ ተነሥቶ ወደ ሌላ ማዕድ መሄድ ብቻ ነው። ለሐዋርያው ጳውሎስ ግን ይህ የወንበር ለውጥ ወንጌልን የሚነካ ነገር ሆነ። ክርስቶስ ስለ ሁላችን ከሞተና በአንዲት ጥምቀት ከወለደን፣ ወንድሜን ከማዕዴ ማራቅ ክርስቶስ ያደረገውን እንዳልተደረገ መቁጠር ነውና። መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ታሪክ፣ በሐዋርያት አለቃ ላይ የደረሰ ቢሆንም፣ ሳይሸሽግ የጻፈልን እያንዳንዳችን ራሳችንን እንድንመረምርበት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ማረሻውን የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላውን የምትሠራው፣ ቆዳውን የሚፍቀው፣ ሸማውን የሚሸምነው ወገናችን በብዙ ስፍራ ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል። «ቡዳ» እየተባለ ስሙ ጠፍቷል። ጋብቻ ተነፍጎታል። አንዳንድ ስፍራ ከጎረቤት ቤት ሲደርስ በደጅ ተቀምጦ ሌላው በማይነካው ቅል እንዲጠጣ ተደርጓል። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው እየጠሩ መስደብ እንዲቀር በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ በብዙ ቦታም ልማዱ ላልቷል። ነገር ግን አዋጅ አደባባዩን ሊያቀና ይችላል እንጂ ወደ ልብና ወደ ማዕድ ቤት ለመግባት አቅም ያንሰዋል። ወደዚያ የሚገባው ወንጌል ነው፤ ያውም በር ከተከፈተለት።

እንጀራችን የተጋገረበትን ምጣድ የሠራችው እርስዋ ናት፤ እርስዋን ግን ከእንጀራው ጋር በአንድ መሶብ ዙሪያ አናስቀምጣትም። ለበዓል የምንለብሰው ነጠላ ከእርሱ እጅ ወጥቷል፤ እጁን ግን መጨበጥ ይከብደናል። የሠራተኛ ልጅ ተብሎ በናዝሬት ሰዎች የተናቀው ራሱ ጌታችን አይደለምን? ቅዱስ ማርቆስ እንደሚነግረን የአገሩ ሰዎች የተሰናከሉበት የእጅ ሙያውንና ቤተ ዘመዱን በማወቃቸው ነው (ማር. 6፡3)። ጌታችን የእንጨት መሥሪያውን በትከሻው አንግቦ ከደጃችን ቢቆም፣ ውሃ የምናቀርብለት በየትኛው ጽዋ ይሆን?

ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ሀብታሞቹ ቀድመው ሲበሉ ድሆቹ ተርበው ሲያፍሩ በሰማ ጊዜ፣ ተሰብስበው የሚበሉት የጌታ እራት ሊባል እንደማይገባው አስጠነቀቃቸው (1ቆሮ. 11፡20-22)። እሑድ ከአንድ መሠዊያ የአንዱን ጌታ ሥጋና ደም ተቀብሎ፣ ሰኞ ለዚያው ወንድሙ የተለየ ቅል የሚያወጣ ሰው ይህን ቃል ለራሱ እንደ ተጻፈ አድርጎ ያንብበው።

ምእመናን ሆይ፤ መለያየት የሚጀምረው በጽዋ ነው፤ በዚያ ብቻ ግን አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. የአፍሪካ ጳጳሳት በሮም ለልዩ ሲኖዶስ ተሰብስበው ቤተ ክርስቲያን የእግዚአብሔር ቤተሰብ መሆኗን በሚመክሩበት ወራት፣ አብዛኛው ሕዝቧ ክርስቲያን በሆነባት በሩዋንዳ የተጠመቁ ሰዎች የተጠመቁ ጎረቤቶቻቸውን ይገድሉ ነበር። መጠጊያ ፍለጋ ወደ አብያተ ክርስቲያናት የሸሹ በዚያው አለቁ። የዘር ድምፅ ከጥምቀት ድምፅ በላይ በተሰማ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው። እኛም ሩቅ አገር የሆነ ነገር አድርገን ልናወራው አንችልም። በአገራችን ሰሜን ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት፣ በሌሎችም ክልሎች በተነሡ ግጭቶች፣ አንዲት ጸሎተ ሃይማኖት የሚደግሙ እናቶች በግራም በቀኝም ልጆቻቸውን አልቅሰዋል።

ነገር ግን ሌላም ምስክርነት አለን። በቡሩንዲ፣ በቡሩሪ ሀገረ ስብከት፣ ቡታ በተባለው ስፍራ አንድ ንዑስ የዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት አለ። አገሪቱ በሁቱና በቱትሲ መካከል በተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት ትታመስ በነበረበት ጊዜ፣ በሚያዝያ 22 ቀን 1989 ዓ.ም. ታጣቂዎች ወደ ተማሪዎቹ መኝታ ቤት ገቡ፤ በዘር ተለይተው እንዲቆሙም አዘዟቸው። ተማሪዎቹ እንቢ አሉ። አብረው ቆሙ፤ 40 የሚሆኑት አብረው ሞቱ። እነዚህ ወጣቶች የጦር መሣሪያ አልነበራቸውም፤ የፖለቲካ ሥልጣንም አልነበራቸውም። የነበራቸው አንድ ነገር ነው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር አብረው ጸልየዋል፤ በአንድ ማዕድ አብረው በልተዋል። ስለዚህ ያ የመጨረሻ ትእዛዝ በመጣ ጊዜ መልሱን በዚያች ቅጽበት መፈለግ አላስፈለጋቸውም። ቁርሳቸውን፣ ምሳቸውን፣ እራታቸውን አብረው ሲቆርሱ በየዕለቱ ተለማምደውት ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይህ ነው። በትልቁ ቀን የማይለያይ ሰው የሚሠራው በትንንሾቹ ቀናት ነው። የተለየ ቅል የለመደ እጅ፣ የተለየ ሰልፍ ቁም ሲባል ለመቆም ይፈጥናል።

አንዳንዶች ይህን ሰምተው «እንግዲያስ ቋንቋችንንና ባህላችንን እንተው?» ይሉ ይሆናል። በፍጹም! በባቢሎን ግንብ ጊዜ ልሳን ተደባለቀ፤ በጰራቅሊጦስ ዕለት መንፈስ ቅዱስ በወረደ ጊዜ ግን የዓለም ልሳኖች ጠፍተው አንድ ልሳን አልሆኑም። እያንዳንዱ የእግዚአብሔርን ታላቅ ሥራ በተወለደበት ቋንቋ ሰማ (የሐዋ. 2)። በአገራችን የምትገኘው ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንም በግእዝ ሥርዓትና በላቲን ሥርዓት ትቀድሳለች፤ እምነቷ ግን አንድ ነው። አባቶቻችን አቡነ ያዕቆብ ብለው የጠሩት ቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስ እ.ኤ.አ. በ1839 ዓ.ም. ወደዚህ ምድር በመጣ ጊዜ የሕዝቡን ቋንቋ ተማረ፤ ልብሱን ለበሰ፤ የግእዝን ሥርዓት አከበረ። ሰውን ወደ አንድነት ለመጥራት አስቀድሞ ወደ ሰው ቤት መግባት እንደሚያስፈልግ ያውቅ ነበርና።

ሌሎች ደግሞ «የተበደለስ ዝም ይበል?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህም ጥያቄ ተገቢ ነው። ጌታችን የሰጠን አንድነት ቁስልን በጨርቅ ሸፍኖ መተው አይደለም። በደል በስሙ ይጠራ፤ የተወሰደ ይመለስ፤ የበደለ ይቅርታ ይጠይቅ። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና ሲጽፍ የአናሲሞስን ዕዳ እንደሌለ አልቆጠረም፤ በራሱ ላይ እንዲቆጠርበት ጠየቀ እንጂ። አናሲሞስን ግን ከባርያ በላይ እንደ ተወደደ ወንድም አድርጎ እንዲቀበለው ለመነ። እውነትን መናገርና ማዕድ አለመከልከል በክርስቶስ አብረው ይሄዳሉ።

እንግዲህ በተለይ እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ በየቁምስናችሁ ልትጀምሩአቸው የምትችሉአቸውን ጥቂት ነገሮች እናሳስባችሁ።

አንደኛ፣ ሕፃናትን ስታስተምሩ አቀማመጣቸውን ተመልከቱ። ከቤቱ የሰማውን ንቀት ይዞ ከጓደኛው የሚርቅ ሕፃን ካለ፣ ሳታሳፍሩት በፍቅር አቅርቡት። በጨዋታና በተረት መካከል የሚጣሉትን የንቀት ስሞች አትለፉአቸው።

ሁለተኛ፣ ወላጆች ለልጃቸው የክርስትና አባት ወይም እናት ሲመርጡ፣ ከሌላ ወገን ወይም ከተናቀ ሙያ ቤት ደግ ክርስቲያን እንዲያስቡ ምከሩአቸው። በባህላችን አበልጅነት ጽኑ ዝምድና ነው። አበልጆች የሆኑ ሁለት ቤቶች በቀላሉ አይገዳደሉም።

ሦስተኛ፣ ከቅዳሴ በኋላ በሚደረግ ዝክርና ማኅበር የተለየ ዕቃና የተለየ መቀመጫ አይኑር። ልቅሶ በደረሰ ጊዜም «የእነርሱ ወገን ነው» ሳትሉ ቀድማችሁ ድረሱ፤ በሐዘን ቀን የመጣ ሰው አይረሳምና።

አራተኛ፣ ከሌሎች ክርስቲያን ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጋር ስላለን ግንኙነት እናስብ። 2ኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. ባወጣው የአንድነት ድንጋጌ ጥምቀት ክርስቲያኖችን ሁሉ የሚያስተሳስር ማሰሪያ መሆኑን አስተምሯል። ስለ ክርስቲያኖች አንድነት የሚጸለይበት ሳምንት በየዓመቱ ከጥር 10 ቀን ገደማ ጀምሮ ይውላል፤ ይህም ከከተራና ከጥምቀት በዓላችን ጋር ይገጥማል። ይህን መገጣጠም እንደ ስጦታ እንቀበለው፤ በአንድ ውሃ የተወለድን መሆናችንን ከጎረቤቶቻችን ጋር እናስብበት።

ይህ ሁሉ ትንሽ ሊመስል ይችላል። አንድ ጽዋ ማቀበል፣ ለአንድ ሰው ወንበር መሳብ፣ አንድ የስድብ ስም ከአፍ ማውጣትን መተው፣ ታሪክ የሚለውጥ አይመስልም። ነገር ግን ጌታችን መንግሥተ ሰማያትን ከእርሾ ጋር ማመሳሰሉን አንርሳ፤ እርሾ ጥቂት ሆኖ ሊጡን ሁሉ ያቦካል። በአንጾኪያ አንድ ሰው ከማዕድ በተነሣ ጊዜ ብዙዎች ተከትለውት ተነሡ። እንደዚሁ አንድ ሰው በተናቀው ወንድሙ አጠገብ በተቀመጠ ጊዜ ብዙዎች ሊከተሉት ይችላሉ። ያ የመጀመሪያው ሰው በየቁምስናችን ማን ይሁን?

በመስቀሉ የጥልን ግድግዳ ያፈረሰ፣ ሥጋውንና ደሙን በአንድ ማዕድ ለሁላችን ያቀረበ መድኃኔ ዓለም ክርስቶስ፣ የተራራቁትን ያቀራርብ፤ የተቀያየሙትን ያስታርቅ፤ ሐዘንተኞችን ያጽናና፤ ለአገራችንም ሰላምን ይስጥ። የአንድነት እናት የሆነች እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም፣ በጰራቅሊጦስ ዕለት ከሐዋርያት ጋር በጸሎት እንደ ተጋች፣ ዛሬም ከእኛ ጋር ትጸልይልን። አሜን።