እንቆቅልህ ያለ መልሱን ይወቅ

ልጆች ሆነን ምሽት ላይ ደጃፍ ተቀምጠን የምንጫወተው ጨዋታ ነበር። አንዱ «እንቆቅልህ» ይላል፤ ሌላው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል። ጥያቄው ይቀርባል። ተጠያቂው ካወቀው አወቀው፤ ካላወቀው ግን «አገር ስጠኝ» ይባላል። ያኔ ምን ይደረጋል፣ አንዲት ትንሽ ነገር ባለማወቁ ጎንደርን ወይም ጅማን የሚያህል አገር አንስቶ ይሰጣል። ጠያቂውም አገሩን ከተረከበ በኋላ በተሸናፊው ላይ እንደ ልቡ ተሳልቆ ሲያበቃ መልሱን ይነግረዋል። እኛ የድሬዳዋ ልጆች ድሬዳዋን ለማንም አንሰጥም ነበር፤ የሌላውን አገር ግን ስንት ጊዜ ሰጥተናል!

በዚህ ጨዋታ ውስጥ ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ። ጠያቂው መልሱን ሳያውቅ አይጠይቅም። አገሩን ከወሰደ በኋላ «ለነገሩ መልሱን እኔም አላውቀውም» የሚል ልጅ ቢኖር ኖሮ በማግስቱ የሚያጫውተው አያገኝም ነበር። ተሸናፊው መሸነፉን ሊቀበል ይችላል፤ መታለሉን ግን አይቀበልም።

ውድ አንባቢ፣ የልጅነት ጨዋታ ያነሳሁት ስለ ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ለማውራት ነው። በምስጢር ጀምሮ፣ አገሩን ሁሉ ስለ አንድ ጥያቄ ሲያነጋግር የከረመ ድራማ እየዋለ እያደረ ለምን ይቀዘቅዛል? የደራሲው ብዕር ስለደከመ ነው? ተዋናዩ ስለሰለቸ ነው? ወይስ ገንዘብ ስላለቀ? እነዚህ ሁሉ ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ። በበኩሌ ግን ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ የሚመጣ የሥነ ምግባር ጉዳይ አለ ባይ ነኝ። ጥያቄ መጠየቅ ቃል መግባት ነው፤ ድራማው የሚወርደውም ቃሉ በተዘነጋ ዕለት ነው።

«ሰው ለሰው» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይታይ በነበረበት ዘመን በግቢያችን የድራማው ቀን ሲደርስ እራት ቀደም ብሎ ይበላ ነበር። የድሬዳዋ ሙቀት ቤት ስለማያስቀምጥ ቴሌቪዥኑ ወደ በረንዳው ይወጣል፤ ጎረቤት በርጩማውን ይዞ ይመጣል። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ከሰፈራችን ሰው ይልቅ የሚታወቅ ሰው ሆነ። በዚያ ድራማ የተደበቀው የክፉው ሰው ማንነት አልነበረም፤ እሱንማ ከኛ በረንዳ የማያውቀው አልነበረም። ጥያቄው መቼ ይጋለጣል የሚለው ነበር። አንዲት አዛውንት ጎረቤታችን ዘግየት ብለው ሲመጡ ገና ከበሩ «አቦ፣ ያ ሰውዬ ዛሬስ ተያዘ?» ይላሉ። «አልተያዘም እማማ» እንላለን። ይቀመጣሉ።

እንደ አንድ ተመልካች የሚሰማኝን ልናገር። የአበበ ባልቻ ትወና እስከ መጨረሻው አልወረደም፤ ታሪኩ ግን ወደ መጋለጡ ተጠግቶ ሲያመልጥ፣ ተጠግቶ ሲያመልጥ የኛ በረንዳ ተሰላቸ። መጀመሪያ ላይ «ምን ይሆን?» እያልን የምንጠብቀውን፣ በኋላ «ዛሬም ምንም አይሆንም» እያልን መጠበቅ ጀመርን። በርጩማው እየቀነሰ ሄደ። እማማ ብቻ አልቀሩም።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1990 በአሜሪካ «ትዊን ፒክስ» የተባለ ድራማ ሲጀምር የመጀመሪያውን ክፍል 34 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመለከተው። ዴቪድ ሊንችና ማርክ ፍሮስት የፈጠሩት ይህ ድራማ የሚነሳው በአንዲት ትንሽ የደን ከተማ የአንዲት ተማሪ አስከሬን በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ውኃ ዳር ከመገኘቱ ነው። «ላውራ ፓልመርን ማን ገደላት?» የሚለው ጥያቄ የአገር መነጋገሪያ ሆነ። ሊንች መልሱን መቼም ባይናገር ይመርጥ ነበር፤ ጣቢያው ግን ሕዝቡ ሰልችቷል ብሎ ገፋ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ገዳዩ ታወቀ። ማንነቱን እዚህ አልናገርም፤ ያላየ ይየው። ከዚያ ወዲህ ድራማው ቁልቁል ወርዶ በሰኔ 1991 በ30ኛው ክፍል ተቋረጠ። የተመለሰው ከ26 ዓመት በኋላ፣ በ2017 ነው።

ብዙዎች ከዚህ የሚያወጡት ትምህርት «መልሱን መናገር ድራማውን ገደለው» የሚል ነው። እኔ ግን እንዲህ አላየውም። አንዲት ልጅ ሞታለች፤ እናት አለቻት፣ ጓደኞች አሏት፣ የምታውቃት ከተማ አለች። ገዳዩ ከታወቀ በኋላ ገና የሚለቀስ ለቅሶ ነበረ። ድራማው ግን ነገሩን ቶሎ ዘግቶ በማያገናኙ ጥቃቅን ታሪኮች ይባዝን ጀመር። እዚህ ላይ ሟቿ ከመጀመሪያውም ለአንዳንዶቹ ሰው ሳትሆን ማጥመጃ እንደ ነበረች ይገለጣል። ሠልስቷ ሳይወጣ የተረሳች ሟች ያለችበት ቤት ማን ይቀመጣል?

ሁለተኛው ምሳሌ ወደ ሌላ መንገድ ያመላክታል። እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው «ሎስት» አውሮፕላናቸው ደሴት ላይ ስለወደቀባቸው መንገደኞች የሚተርክ ነበር። በየሳምንቱ አዲስ ምስጢር ይከምራል፤ የቀድሞው ግን አይፈታም። በሦስተኛው ዓመት ተመልካቹ ማጉረምረም ሲበዛበት አዘጋጆቹና ጣቢያው በ2007 አንድ ያልተለመደ ነገር አደረጉ፤ ድራማው በ2010 ያበቃል ብለው ከሦስት ዓመት በፊት ለሕዝብ አሳወቁ። ደራሲዎቹም የቀራቸውን ክፍል ቆጥረው ወደ አንድ መድረሻ መጻፍ ያዙ። መጨረሻው ሁሉንም አላስደሰተም፤ እስከ ዛሬም ያከራክራል። ቢሆንም ማለቂያውን የተናገረ ሰው ቢያንስ የተመልካቹን ጊዜ ቆጥሮለታል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ሕይወት ራሷ ስንት ያልተፈታ ምስጢር ተሸክማ የለም ወይ? ደራሲ ሁሉን እንዲያውቅ ማን ግዴታ ጣለበት? እውነት ነው። ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. በ1870 ሲሞት «የኤድዊን ድሩድ ምስጢር» የተባለውን ልብ ወለዱን እያወጣ ነበር፤ ከታሰበው 12 ክፍል የተጠናቀቀው 6ቱ ብቻ ነው። አንባቢው እስከ ዛሬ ይገምታል፤ ዲከንስን ግን አታላይ ያለው የለም። ሞት ሲያቋርጥ አንባቢ ይቅር ይላል። አንድ ደራሲም ከመነሻው «ይህ ነገር መልስ የለውም፤ አብረን እንደነቅ» ቢለን ቅር አንሰኝም። ነውሩ ያለው መልስ አለኝ ብሎ አገር ተቀብሎ፣ መልሱን ሳይፈልግ ሌላ አገር ስጡኝ ማለት ላይ ነው።

ደራሲ መንገድ ላይ ሐሳቡን መለወጥም ነውር የለበትም። የምንኖርባት ከተማ የተወለደችው ሐሳብ በመለወጡ ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ሲነሳ የታሰበው ሐረር ሊደርስ ነበር፤ ተራራው አስቸገረ፣ ወጪው ከበደ። ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ በረሃውን ይዞ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፤ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ሰፈርም ድሬዳዋ ሆነች። ከዚያ በገንዘብ እጦት ለዓመታት ቆሞ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። መስመሩ ተለወጠ፣ ዘገየም፤ ተሳፋሪ ጭኖ እዚያው ለገሃር ዙሪያ ሲያሽከረክር ቢውል ግን ሌላ ነገር ነበር። ብዙ ድራማዎቻችን የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ይጮኻሉ፣ ያጨሳሉ፣ ቲኬት ይቆርጣሉ፣ ግን አይሄዱም።

ታዲያ ጥፋቱ የደራሲው ብቻ ነው? አይደለም። ማስታወቂያ ያስነገረ ነጋዴ የተወደደ ነገር እንዲያልቅበት አይፈልግም። ጣቢያው ነገ የሚወደድ ስለማግኘቱ እርግጠኛ አይደለም። እኛም ተመልካቾች «ይለቅ» እያልን እናጉረመርማለን እንጂ ሊያልቅ ሲል «ምነው ቶሎ አለቀ» እንላለን። የምንወደው ሰው እንግድነት እንደሚከፋን ሁሉ መሄዱም ይከፋናል። እንደ እኔ እምነት ግን «አያልቅብን» የሚለው ፍቅር ነው፤ «አይለቅባቸው» የሚለው ደግሞ ንግድ። ደራሲው በሁለቱ መካከል ቆሞ ማንን እንደሚሰማ የሚመርጠው እሱ ራሱ ነው።

ይህን ስል ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ጋዜጣ ላይ የግድያ ታሪክ በተከታታይ እጽፍ ነበር። በ6 ክፍል ላበቃው ነበር ያሰብኩት፤ ገዳዩንም አውቀው ነበር። አዘጋጁ «ተወዷል፣ ቀጥል» አለኝ፤ የምከፈለውም በክፍል ነበርና ቀጠልኩ። ለመቀጠል ስል ገዳዩን ንጹሕ አደረግኩት። ሌላ ተጠርጣሪ አመጣሁ፤ እሱንም ነጻ አወጣሁት። 14ኛው ክፍል ላይ ስደርስ ማን እንደ ገደላት የማያውቅ ሰው ቢኖር የመጀመሪያው እኔ ነበርኩ።

እማማ ማንበብ አይችሉም፤ የልጅ ልጃቸው በየሳምንቱ ታነብላቸው ነበር። አንድ ቀን ታመው ልጠይቃቸው ገባሁ። እጄን ያዙና «ልጄ፣ ማነው የገደላት?» አሉኝ።

«ይደርሱበታል እማማ፤ ትንሽ ይታገሡ» አልኳቸው።

«ለሌላው አትንገር፤ ለእኔ ብቻ ሹክ በለኝ። እኔ እኮ ጊዜ የለኝም።»

ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። ምስጢር ጠባቂ መስያቸው «አቦ፣ ጎበዝ ነህ» አሉኝ። የምጠብቀው ምስጢር ግን አልነበረኝም። በወሩ አረፉ። ታሪኩን ከዚያ በኋላ በሁለት ክፍል ቋጨሁት፤ ገዳዩንም መጀመሪያ ያሰብኩትን ሰው አደረግኩት።

በዚያ ምሽት ሹክ ልላቸው የምችለው ትክክለኛ መልስ ይህ ነበር። እኔ ግን አገራቸውን ተቀብዬ ዝም አልኩ።