ለቅጥር የተለማመዱት ጨዋነት

በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ከሙያቸው ጎን ሶፍት ስኪል የሚባለውን፣ ማለትም ሰዓት ማክበርን፣ ተግባብቶ መሥራትንና ቁጣን መግታትን እንዲለማመዱ ሲመከሩ፣ ለመቀጠር ሲባል የተለማመዱት ጨዋነት በእርግጥ ጨዋነት ነውን የሚል ጥያቄ ይነሳል። ፈላስፋው ካንት በ1785 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሥነ ምግባር ድርሰቱ፣ ሕፃን ገዢን እንኳ የማያታልል ነጋዴ ይህን የሚያደርገው ለጥቅሙ ከሆነ ድርጊቱ ትክክል ቢሆንም የሥነ ምግባር ዋጋ እንደሌለው ያስረዳል፤ እስልምናም ሪያን፣ ይኸውም ለሰው ዓይን የሚሠራ በጎ ሥራን፣ ክርስትናም ውዳሴ ከንቱን ይነቅፋሉ።

ይሁንና በ1111 እ.ኤ.አ. ያረፉት ኢማም አል ጋዛሊ፣ ከእርሳቸው በፊትም አርስቶትል፣ ጠባይ በልምምድ እንደሚቀረጽ፣ ንፉግም እየከበደው መስጠትን ሲደጋግም ልግስና እንደሚዋሐደው ያስተማሩ በመሆኑ፣ የካንት ፍርድ ለጀማሪ ሳይከብድ አይቀርም። በአጠና ተራ እንጨት አሳጥሮ የቆረጠ የአናጺ ረዳት ምስማሩ ሳይመታ ጥፋቱን ቢናገር፣ እንዳይባረር ፈርቶም ይሁን እውነትን ወዶ፣ ቤቱ አይጣመምም፤ አናጺውም በማግስቱ ይጠራዋል። ብዙ ቀጣሪዎች ከሥራ ቃለ መጠይቅ በኋላ ተያዥ፣ ማለትም ለሠራተኛው ኃላፊነት የሚወስድ ዋስ፣ የሚጠይቁትም በአጭር ጭውውት የታየ ትሕትና ስለማያስተማምናቸው ይመስላል፤ ይህ አሠራር ግን ጠባዩን ሳይሆን ዘመድ ማጣቱን በወጣቱ ላይ ይቆጥርበታል።