ይግባኝ ማለት ኃጢአት ነውን?

ክርስቲያን ፍርድ ጐደለብኝ ብሎ ሲያምን ዝም ብሎ ሊቀበል ይገባዋልን፥ ወይስ ወደ በላይ ዳኛ ሊጮኽ ተፈቅዶለታል? ይህ ጥያቄ በብዙ ምእመናን ልብ ይመላለሳል፤ ትዕግሥትንና ዝምታን አንድ አድርገን መቍጠር ልማዳችን ነውና።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። በጅቡቲ ከተማ፥ የአሜሪካ ኤምባሲ ካለበት ከሀራሙስ ሰፈር ሳይርቅ፥ በአየር ማረፊያው አጠገብ ሌሞኒየር የሚባል የአሜሪካ ጦር ሰፈር አለ። በዚያ ሲያገለግል ከባድ ዕቃ አንሥቶ ትከሻው የተጐዳ አንድ ወታደር አለ እንበል። በዚያች አገር ጦር ውስጥ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም ስላሉ ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ከዓመታት በኋላ ክንዱን ማንሣት ተሳነውና የጉዳት አበል ጠየቀ፤ «ጉዳትህ ከአገልግሎትህ የመጣ ለመሆኑ ማስረጃ የለም» የሚል መልስ ደረሰው።

በ2017 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ወጥቶ በ2019 የጸናው ሕግ ሦስት መንገድ ይከፍትለታል፤ አዲስ ማስረጃ ማቅረብ፥ ያንኑ ማስረጃ ከፍ ያለ መርማሪ እንዲያየው መጠየቅ፥ ወይም ወደ ይግባኝ ጉባኤው ማመልከት። በአንድ ዓመት ውስጥ ቢያመለክት ጥያቄውን ያቀረበበት የመጀመሪያ ቀን አይጠፋበትም። ጉዳቱን ያየ ጓደኛው በጽሑፍ ቢመሰክርለትም ቃሉ ይመረመራል። ከሁሉ ይልቅ ግን፥ የማስረጃው ሚዛን ለሁለቱ ወገኖች እኩል በሆነ ጊዜ ጥርጣሬው ለወታደሩ እንዲቈጠርለት ሕጉ ያዝዛል።

ማርቲን ሉተር በታናሹ ካቴኪዝም ስለ ስምንተኛው ትእዛዝ ሲያስተምር የባልንጀራችንን ነገር ሁሉ በበጎ እንድንተረጕም አዝዞናል። እነሆ፥ ይህን የመሰለ ምሕረት በምድራዊ ሕግም ተጽፎ ይገኛል።

እንግዲህ ይግባኝ ማለት ስስት አይደለም። ያለኝ ይበቃኛል ማለትን የተማረው ጳውሎስ (ፊልጵ. 4፥11) በፊስጦስ ፊት ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሎአል (የሐዋ. 25፥11)። መበለቲቱም ወደ ዳኛው ደጅ ስለ ተመላለሰች ጌታ አልነቀፋትም (ሉቃ. 18)። አባቶቻችንም «በሕግ አምላክ!» ሲሉ፥ እስከ ዙፋን ችሎትም ሲደርሱ፥ ከዳኛው በላይ ዳኛ እንዳለ መመስከራቸው ነበር።

ነገር ግን ይግባኝ ባዩም በዚያው ዳኛ ፊት ይቆማል። በአሜሪካው ደንብ ክንዱ ከትከሻው ከፍታ በላይ የማይነሣለት ወታደር በመቶ 20 ጉዳት ይቈጠርለታል፤ የሚሠራበት እጁ ሆኖ የዚያን እኩሌታ ብቻ ከተነሣ ግን 30 ይሆናል። ሐኪሙ «እጅህን አንሣ» ሲል ሕመሙ በእውነት ከየት እንደሚጀምር የሚያውቁት ወታደሩና እግዚአብሔር ብቻ ናቸው። ጥርጣሬው ለእርሱ ከተቈጠረ አደራ ተቀብሎአል። ያን አደራ በሐሰት የሚበላ ሰው የመንግሥትን ገንዘብ ብቻ አይሰርቅም፤ ከኋላው የሚመጣው እውነተኛ ቍስለኛ እንዳይታመን ያደርጋል። ሕመሙን ከእፍረት የተነሣ የሚያሳንስም እውነትን አልተናገረም።

ወንድሞች ሆይ፥ ጌታችን ከባድ ሸክም በሰው ትከሻ ላይ ጭነው በጣታቸው እንኳ ሊነኩት የማይወዱትን ገሥጾአል (ማቴ. 23፥4)። በየማኅበራችን መብቱን የተከለከለ ጉዳተኛ ቢኖር «ታገሥ» ብለን ብቻ አንሰናበተው። ማመልከቻውን እንጻፍለት፤ ያየነውን እንመስክርለት፤ እውነቱን ሳይጨምርና ሳይቀንስ እንዲናገር እንምከረው፤ ወደ ደጁም አብረነው እንሂድ።