የአስቴር ጋኖ ስም የት ይጻፍ?

የጥቁር ሴት ደራስያንን መጻሕፍት ለይቶ ‹‹እነዚህን አንብቡ›› ማለት ተገቢ ነው? ጥያቄው በተነሣ ቁጥር ‹‹መጽሐፍ ጾታም ቀለምም የለውም፤ ያለው ጥሩና መጥፎ ብቻ ነው›› የሚል መልስ አይጠፋም። መልሱ የሚናቅ አይደለም። ቶኒ ሞሪሰን እ.ኤ.አ. በ1993 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የወሰደችው ለጥቁር ሴቶች በተለየ ወንበር ላይ ተቀምጣ አይደለም። የእኛዋ መዓዛ መንግሥቴም ‹‹ዘ ሻዶው ኪንግ›› የተባለው ልብ ወለዷ በ2020 ለቡከር ሽልማት ከቀረቡት የመጨረሻ ስድስት መጻሕፍት አንዱ የሆነው ከሌሎች ጋር እኩል ተወዳድሮ ነው።

ይሁንና እስቲ ነገሩን ወደ ኢሉባቦር እናምጣው። ከመቱ ብዙ ሳይርቅ፣ በሁሩሙ አካባቢ፣ ኦነሲሞስ ነሲብ ተወለደ። በልጅነቱ የባሪያ ፈንጋዮች ነጥቀው ሸጡት። ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ፤ ተምሮም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ። ሙሉው በ1899 ታተመ። ስሙ ዛሬም በክብር ይነሣል።

አብራው የሠራችውን ሴት ግን ስንቱ ያውቃታል? አስቴር ጋኖ በነፃነት ተወልዳ በልጅነቷ የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት። ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ በባሕር ስትወሰድ በ1886 የጣልያን መርከቦች ጀልባውን ይዘው አስለቀቋት። እምኩሉ የነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተቀበላት። የቋንቋ ችሎታዋ ታይቶ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅ ተደረገ፤ በ1893 የወጣው የአዲስ ኪዳን ትርጉም የተቃናው በዚሁ ነው። 500 ያህል እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈንም በጽሑፍ አሰፈረች፤ ብዙዎቹ በ1894 በታተመው የጀማሪዎች የንባብ መጽሐፍ ገቡ። በመጽሐፍ ቅዱሱ የርእስ ገጽ ላይ ግን ተርጓሚ ተብሎ የሰፈረው ኦነሲሞስ ነው።

ኦነሲሞስን ለመክሰስ አልቸኩልም። እሱም ተሽጦ ያደገ ሰው ነው፤ የርእስ ገጽ ልማድም የእሱ ፈጠራ አይደለም። ነገር ግን መጽሐፍ ጾታ ባይኖረውም የርእስ ገጽ አለው። ‹‹እኔ ጥሩውን ብቻ ነው የማነበው›› የሚል አንባቢ የሚመርጠው ስማቸው ከታተመላቸው መካከል ነው፤ ወንፊቱ እሱ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ሥራውን ጨርሷል። ከምዕራብ አፍሪካ ተሸጣ ቦስተን የገባችው ፊሊስ ዊትሊ በ1773 የግጥም መጽሐፏ ሲታተም፣ ግጥሞቹ የራሷ ለመሆናቸው 18 የከተማው ታላላቅ ወንዶች ፈርመው መስክረውላታል። (‹‹ጥቁር ደራሲ›› የሚለው መለያ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ብሎ የሚከራከረኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ መለያውን የወለደውን ንግድ ግን አስቴር በሥጋዋ አይታዋለች።)

እኔን ይበልጥ የሚያስቸግረኝ ሌላ ነው። እነዚያ ተረቶች የአስቴር ናቸው? ከእሷ በፊት ስንት አያት እሳት ዳር ተርካቸዋለች፤ ስንት እናት ልጇን አስተኝታባቸዋለች። የአስቴርን ስም ስንጽፍ በእነዚያ ስም በሌላቸው ሴቶች ላይ አንድ ስም እየደረብን አይደለም? ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሆኖም ዞራ ኒል ኸርስተን በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል ያሉ ጥቁሮችን፣ ማለትም የፍሎሪዳን፣ ተረት ሰብስባ በ1935 ስታሳትም ደራሲነቷን የነፈጋት የለም። ከሰማው መርጦ፣ የቃሉን ለዛ ጠብቆ፣ ላልሰማው ሰው በጽሑፍ ያደረሰ የደራሲን ሥራ ሠርቷል። ተረቱ የሕዝብ ነው፤ ጽሑፉ የእሷ ነው።

ስለዚህ ዝርዝር አውጣ ብባል የ1894ቱን የንባብ መጽሐፍ ከሞሪሰንና ከመዓዛ ጎን አኖረዋለሁ፤ ለውለታ ብዬ ሳይሆን ንባብ ለማስተማር የልጆችን የገዛ ተረት ማስቀደም ትልቅ ሐሳብ ስለሆነ ነው። አስቴር ራሷ በ1904 ከኦነሲሞስና ከሌሎች ጋር ወደ ወለጋ ሄዳ ነቀምቴ ላይ አስተምራበታለች ማለት ባልደፍርም፣ መምህርት ሆና ማገልገሏ የታወቀ ነው።

አንድ ችግር አለ። መጽሐፉ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው፤ የዛሬዎቹ የመቱና የጎሬ ልጆች ኦሮምኛን የሚማሩት በቁቤ ነው። ለእነሱ ገልብጦ የሚያሳትም ሰው በደራሲ ቦታ ሁለቱንም ስም ይጻፍ፤ የአስቴርን አስቀድሞ፤ ተረቶቹን የጻፈቻቸው እሷ ናትና።