«መሽቶብኛል» ማለት ነውር ነውን?

ለትምህርት ከአገሩ የራቀ ሰው መንገድ ሲዘጋበት ከሁሉ የሚከብደው ምኑ ነው? ረኀቡ ነው እንዳንል ረኀብን ካፌያችንም አስተምሮናል። ትምህርት ማምለጡ ነው እንዳንል ደብተር መዋስ አለ። በበኩሌ የሚከብደው የማያውቁትን ሰው ደጅ መምታት ይመስለኛል።

ከቢቸና መጥቶ አዲስ አበባ የሚማር ልጅ በደጀን አድርጎ ዐባይ በረሃ ይወርድና ጎሐ ጽዮን ይወጣል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ይህ መንገድ በተደጋጋሚ ተዘግቷል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል። መኪናው ደጀን ላይ «ከዚህ አላልፍም» ካለ፣ ገንዘቡም ስልክ ውስጥ ተቆልፎ ከቀረ፣ ተማሪው የቀረው ንብረት አንድ አፉ ነው። አፉ ደግሞ እምቢ ይላል። «የት ልታድር ነው ልጄ?» ብለው ሲጠይቁት እንኳ «ዘመድ አለኝ» ብሎ ይዋሽና መናኸሪያ አጥር ሥር ተኰራምቶ ያነጋል። ይህን እምቢታ ክብር እንበለው ወይስ ኩራት?

ነገሩ የሚያስገርመው ይህ ልጅ የመጣበት አገር ልመናን የትምህርት ክፍል አድርጎ የኖረ አገር መሆኑ ነው። ለቢቸና ቅርብ የሆነው ዲማ ጊዮርጊስ ስሙ የታወቀ የቅኔ ቦታ ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን በተማሪነት ያደረሱት እዚያው ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ ዱላውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ መንደር ለመንደር ይዞራል። የድኻ ልጅ ስለሆነ ብቻ አይደለም። እናት አባቱ ጎተራቸው ሙሉ የሆነ ልጅም ከወጣ ይለምናል። ከቤቱ ቅርብ ቢማር «ና እረስ፣ ና ከብት ጠብቅ» ይሉታልና ይርቃል፤ ሲርቅ ስንቁ ያልቃል፤ ሲያልቅ ደጅ ይመታል። እንግዲህ መንገዱ መበላሸቱ እንደ አደጋ ሳይሆን እንደ ሥርዓት ተቆጥሮ አስቀድሞ ታስቦበታል ማለት ነው። የእኛ ጉዞ ግን የታሰበው ሁሉ ነገር በሰዓቱ ይሆናል ተብሎ ነው፤ አንዲት ነገር ከተጓደለች ከቲኬቱ በስተኋላ ማንም የለም።

ለዚያ ዘመን ተማሪ «ውጭ አገር» ማለት ዐባይን መሻገር ነበር። ቅኔውን ጎጃም ጨርሶ ድጓ ላስመስክር ያለ ሰው ጋይንት ቤተ ልሔም መሄድ አለበት። ከሞጣ ወደ ጎንደር ማዶ የሚያሻግረው በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ድልድይ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ፈርሶ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። ከዚያ በኋላ ሰው እንዴት ይሻገር ነበር? ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ወዲህና ወዲያ ማዶ ላይ የቆሙ ሰዎች ገመዱን ይዘው፣ በገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ እየጎተቱት ነው! እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠግኖ ነበር፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራለት። እስኪ ያንን በገመድ የታሰረ ሰው አስቡት። «እኔ የማንንም እጅ አልፈልግም» ቢል ምን ይሉት ነበር? «እንግዲያስ ቁም!» ነዋ።

«ያ ዘመን አልፏል፣ ገበሬውም ራሱ ደኽይቷል፣ ከጎደለው ላይ መውሰድ ግፍ ነው» የሚል ክርክር እሰማለሁ። ክብደት ያለው ክርክር ነው። የቆሎ ተማሪን ያበላችው ሴት ለልጆቿ ያሰበችውን ቁራሽ የሰጠችበት ቀን ጥቂት አይመስለኝም። ነገር ግን እኛ ከዚያች ሴት መብላት ትተናል እንዴ? ዩኒቨርሲቲው የሚያበላን በአገር ገንዘብ ነው፤ የአገር ገንዘብ ደግሞ ከሰማይ አልወረደም። ልዩነቱ የቆሎ ተማሪ የበላበትን ደጅ ያውቀዋል፣ እኛ አናውቀውም። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት የዚህ ግቢ ተማሪዎች ቢያንስ ዕዳው ለማን እንደሆነ ጠርጥረው ነበር።

ፈላስፋው ካንት እ.ኤ.አ. በ1795 ስለ ዘላቂ ሰላም በጻፈው ድርሰት ላይ የእንግዳን ነገር አንሥቶታል። ምድር ክብ ናትና ሰዎች ያለ ገደብ ተበታትነው ሊኖሩ አይችሉም፤ ስለዚህ በሰላም የመጣ ባዕድ እንደ ጠላት ያለመቆጠር መብት አለው ይላል። ሆኖም መብቱን ወዲያው ያሳጥረዋል፦ መምጣት እንጂ በሰው ቤት እንግዳ ሆኖ መቀመጥ መብት አይደለም፤ ለዚያ የተለየ የደግነት ስምምነት ያሻል። የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ሩሲያ ዩክሬይንን ስትወር እዚያ ይማሩ የነበሩ ብዙ አፍሪካውያን ወደ ፖላንድ ድንበር ሲሸሹ በቆዳቸው ቀለም ወደ ኋላ መገፋታቸው ተሰማ፤ የአፍሪካ ኅብረትም ከአራት ቀን በኋላ፣ በጦርነት ጊዜ ድንበር መሻገር የማንኛውም ሰው መብት ነው ሲል መግለጫ አወጣ። ይህ የካንት መብት ነው፤ በጩኸት ይጠየቃል፣ መጠየቁም አያሳፍርም። ከድንበሩ ማዶ ግን ትኵስ ሾርባና ብርድ ልብስ ይዘው የቆሙ ተራ ሰዎች ነበሩ። ያንን ሾርባ በየትኛው አንቀጽ ትጠይቀዋለህ?

እኛ የመጀመሪያውን ዐይነት ጥያቄ ጎበዞች ነን። መንግሥትን፣ ኩባንያን፣ ዲንን «መብቴ ነው» ማለት ይቀለናል፤ ትልቅ ነገር ፊት መቆም አያሳንስምና። የሚያሳንሰን የሚመስለን ደጀን ላይ በር ከፍታ የምትመለከተን ባልቴት ናት። ምክንያቱም ደረሰኝ አትሰጥም። ያበላችህን ነገ አትከፍላትም፤ ምናልባት ዳግመኛ አታያትም፤ ስምህንም በቅጡ አልያዘችውም። ዕዳው አይዘጋም። ከረኀቡ ይልቅ የምንሸሸው ይህን የማይዘጋ ዕዳ ነው እላለሁ፤ ራሳችንን ችለናል የምንለውን ተረት ያፈርስብናላ! በአገራችን ወግ ግን መንገደኛው «ቤት ለእንግዳ» ሲል፣ ባለቤቱ «ቤት የእግዜር ነው» ይላል። ልብ በሉ፣ «ቤቴ ነውና ልስጥህ» አይልም። ሰጪው ራሱ ቤቱ የእኔ አይደለም ካለ ተቀባዩ በማን ፊት ነው የሚያንሰው? ስለዚህ የመናኸሪያውን እምቢታ ኩራት ብዬዋለሁ።

ይህን ለአንዲት የክፍል ጓደኛዬ ባነብላት «ጥሩ ነው» አለችና ቆየት ብላ «አንተ ‹መሽቶብኛል› ብትል እንግዳ ትባላለህ። እኔ ብል ምን እባላለሁ? በሩን ማን እንደሚከፍትልኝስ በምን ዐውቃለሁ?» አለችኝ። እርሷ መናኸሪያ ብታነጋ ኩራት አይደለም፤ ዐይን በዝቶ ካለበት ብርሃን ሥር መቀመጥ ነው። አኩፋዳው የተሠራው ለወንድ ልጅ ትከሻ ነበር። ቅኔ ያስተማሩት ዐይነ ስውሯ የጎጃም ሊቅ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ እንኳ ቅኔውን የቀሰሙት መንደር ለመንደር ዞረው አይደለም፤ ከአባታቸው ነው። ጓደኛዬ ይህን ብነግራት፣ «አባቷ የቅኔ መምህር ያልሆኑትስ?» ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ።