ዕረፍትና አገልጋይ

ሁሉም ነገር በአንድ ክፍያ የሚያልቅበት የባሕር ዳርቻ ሆቴል፣ በተለምዶ ኦል ኢንክሉሲቭ የሚባለው፣ ለቤተሰብ የሚሸጠው ከአልጋና ከምግብ ያለፈ ነገር ነው። ቁርሱም፣ ምሳውም፣ እራቱም፣ መጠጡም፣ የልጆቹ መጫወቻም አስቀድሞ ይከፈላል፤ ከዚያ በኋላ እጅ ወደ ኪስ አይገባም። እንግዳው ሪሴፕሽን ላይ የፕላስቲክ አምባር ይታሰርለታል፤ አምባሩ እስከ መመለሻው ቀን ገንዘብም መታወቂያም ሆኖ ያገለግላል። በጃማይካ ሰሜናዊና ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከኦቾ ሪዮስ እስከ ኔግሪል፣ ከግዙፎቹ ሆቴሎች መሐል ጥቂት ክፍል ብቻ ያላቸው፣ የሌሊት ጭፈራ የማይሰማባቸው ትንንሾችም አሉ። ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች እነዚህን የሚመርጡት ለጸጥታቸው ነው። ጥያቄው፣ በዚህ ጸጥታ ውስጥ የሚገኘው፣ ሃይማኖትና ፍልስፍና በዕረፍት ስም የሚያከብሩት ነገር ነው ወይ የሚል ነው።

አሠራሩ የተወለደው ከካሪቢያን ርቆ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቤልጂየማዊው ዤራር ብሊትዝ በ1950 በስፔኗ ማዮርካ ደሴት በድንኳን የጀመረው ክለብ ሜድ ፈር ቀዳጁ ነበር። ክለቡ ገንዘብን ከእንግዶች ዓይን ለማራቅ የመጠጥ ሒሳብ በዶቃ እንዲከፈል አደረገ። ከሥራው በስተጀርባ እውነተኛ ሐሳብ ነበረ፤ ሰው ከዋጋ ጋር የሚያደርገው የዕለት ትግል ለጥቂት ቀን ቢቆምለት፣ ሀብታሙና ደመወዝተኛው በዋና ልብስ እኩል ሆነው ቢውሉ፣ ሌላ ዓይነት ኑሮ ይታያል የሚል። በጃማይካ በዚሁ አሠራር ጆን ኢሳ በ1978 በኦቾ ሪዮስ፣ ጎርደን ስቱዋርት በ1981 በሞንቴጎ ቤይ ሆቴሎቻቸውን የከፈቱት ጥንዶችን አስበው ነው።

ከአሠራሩ የሚገኘውን በጎ ነገር ማናናቅ አይገባም። በብዙ ቤት ዓመቱን ሙሉ «ዛሬ ምን ይበላ?» የሚለው ሐሳብ የአንድ ሰው ሸክም ነው፤ ያ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት። በዓል ሲመጣ ሌላው ያርፋል፣ የእሷ ሥራ እጥፍ ይሆናል። ዘመድ ጥየቃ ቢኬድ እንኳ ማጀቱ ይከተላታል። ቡፌው ያን ሸክም ከትከሻዋ ያወርዳል። አባትም ሒሳብ እያሰላ ልጁን ከሁለተኛው ጭማቂ አይከለክልም። ወላጅ ከልጁ ጋር አሸዋ ላይ ተቀምጦ ግማሽ ቀን መዋሉ፣ ከሥራ በሚተርፍ ሰዓት ብቻ ለሚገናኙ ቤተሰቦች ትልቅ ነገር ነው። ሰንበትን ያዘዘ ሕግ ሁሉ ይህን በጎነት ያውቀዋል።

አርስቶትል የሥራን መጨረሻ ዕረፍት አድርጎ ያስቀምጣል፤ ሰው የሚደክመው ነጻ ጊዜ ለማግኘት ነው። ነገር ግን በ«ፖለቲካ» መጽሐፉ ሁለት ነገሮችን ይለያል። አንደኛው ድካምን አስታግሶ ሰውን ለነገው ሥራ የሚያዘጋጅ መዝናኛ ነው። ሁለተኛው ከዚያ ይልቃል፤ ሰው ለማሰብ፣ ለወዳጅነት፣ ለመልካም ነገር ነጻ የሚሆንበት ጊዜ ነው። በዚህ መለኪያ የባሕር ዳርቻ ውሎ እንደ አዋዋሉ ወይ ከአንዱ ወይ ከሌላው ይመደባል፤ በጸጥተኛው ሆቴል የተሻለው የሚገኝበት ዕድል ሰፊ ነው። የአርስቶትል ትምህርት ትልቁ እንከን ሌላ ቦታ ነው። የነጻው ሰው ዕረፍት የቆመው በባሪያ ጉልበት ላይ መሆኑን ሳይሸሽግ ይናገራል። ባሪያን ነፍስ ያለው መሣሪያ ይለዋል፤ የሸማኔ መወርወሪያ በራሱ ቢሸምን ኖሮ ጌታ ባሪያ ባላስፈለገው ነበር ብሎም ያስባል። የሚያገለግለው ሰው መቼ እንደሚያርፍ ግን የሚመለከተው ጥያቄ አልሆነም።

የሙሴ ሕግ በትክክል እዚህ ላይ ይለያል። በዘጸአት ምዕራፍ 20 የሰንበት ምክንያት የፍጥረት ሥራ መፈጸም ነው። በዘዳግም ምዕራፍ 5 ግን ምክንያቱ የግብጽ ባርነት ነው፤ ዕረፍት ተነፍጎ የኖረ ሕዝብ ሲያርፍ ሌላውን እንዲያሳርፍ ታዘዘ። ሕጉ የሚያርፉትን ይዘረዝራል፤ ልጆች፣ ሎሌ፣ ገረድ፣ ከብት፣ በደጅ ያለ መጻተኛ። አገልጋይ ከዝርዝሩ ከወጣ ሰንበቱ ፈርሷል።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በሰንበት ጉዳይ ብዙ ዋጋ ከፍላለች። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ስለ ቀዳሚት ሰንበት አገራቸውን ትተው በ1352 በአርመን ምድር ዐረፉ፤ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1450፣ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጠሩት የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ወሰነ። ክርክሩ ላይ ላዩን የቀን ቆጠራ ይመስላል። ነገር ግን በሐዋርያት ስም የሚጠራው የጥንት ሥርዓት ባሪያዎች አምስት ቀን ሠርተው ቅዳሜና እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ነጻ እንዲሆኑ ያዝዛል። በዚህ ሥርዓት ሰንበት ሲታከል የሎሌውም ዕረፍት ይታከላል።

ዛሬ ሆቴሎቹ የቆሙበት ምድር ይህን ትእዛዝ የሚያውቀው በመጣሱ ነው። በጃማይካ የሸንኮራ እርሻዎች ባሪያዎች ሳምንቱን ለጌታ ይሠሩ ነበር፤ እሑድ የራሳቸው ነበረች። ይሁን እንጂ ባለርስቶቹ ቀለብ የመስፈሩን ወጪ ለመቀነስ በተራራ ላይ ቁራሽ መሬት ስለሰጧቸው፣ ቦዬና ሙዝ የሚተክሉት፣ ትርፉንም ተሸክመው ገበያ የሚወጡት በዚያችው እሑድ ነበር። በ1831 ሳሙኤል ሻርፕ የተባለ፣ ማንበብ የሚያውቅ ባሪያና የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን፣ የገና ዕረፍት ሲያበቃ ደመወዝ ካልተከፈለ ማንም ወደ ሥራ እንዳይመለስ ወንድሞቹን አሳመነ። ዲሴምበር 27 ማታ ከሞንቴጎ ቤይ በላይ ባለው ኮረብታ የኬንሲንግተን እርሻ ተቃጠለ፤ የሥራ ማቆሙ ወደ ዐመፅ ተለወጠ። እስከ 60 ሺህ የሚገመቱ ባሪያዎች ተሳተፉ። ዐመፁ ሲታፈን ከ300 በላይ ሰዎች በሞት ተቀጡ፤ ሻርፕም ሜይ 23 ቀን 1832 በሞንቴጎ ቤይ አደባባይ ተሰቀለ። በማግስቱ ዓመት የብሪታንያ ፓርላማ ባርነትን የሚያስቀረውን ሕግ አጸደቀ። ሕጉ በ1834 ሥራ ላይ ቢውልም፣ የእርሻ ሠራተኞቹ እስከ 1838 ድረስ በሳምንት 40 ሰዓት ተኩል ለቀድሞ ጌቶቻቸው ያለ ክፍያ እንዲሠሩ ያስገድድ ነበር። አደባባዩ ዛሬ በሻርፕ ስም ይጠራል፤ የሆቴሎቹ ሰፈርም ከዚያ ሩቅ አይደለም። ከዚህ ታሪክ አጠገብ ስለ ዕረፍት ሲነገር የቃሉ ክብደት ሊሰማ ይገባል።

የዛሬው አስተናጋጅ ግን ባሪያ አይደለም፤ ባሪያ ነው ብሎ መናገር ሻርፕ የሞተበትን ነገር ማቃለል ይሆናል። ተቀጥሮ ይሠራል፣ ደመወዙ ልጆቹን ያስተምራል፣ ቱሪስት ባይመጣ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው እሱ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ከሆቴሉ ቢቀር የሠራተኛው ሸክም አይቃለልም። ችግሩ በአስቀድሞ ክፍያው ባሕርይ ውስጥ ነው። ዋጋው ከዓይን ሲሰወር፣ በዋጋው ውስጥ ያለው የሰው ድካምም አብሮ ይሰወራል። እንግዳው ከመንቃቱ በፊት ባሕሩ የተፋውን አረም ከአሸዋው ላይ የጠረገ ሰው አለ፤ ከ2011 ወዲህ ሳርጋሰም የሚባለው ቡናማ የባሕር አረም በካሪቢያን ዳርቻዎች በብዛት ስለሚከመር ሥራው ከብዷል። አልጋ የምታነጥፈው ሴት የራሷን ልጆች ለአያታቸው ትታ መጥታ ይሆናል። ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ እንግዳ ይበዛል፣ ዕረፍት ይጠብባል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የሥራው ሰዓት፣ ከሰዓቱም ጋር ገቢው ይቀንሳል። ፈገግታውም በክፍያው ውስጥ ስለተካተተ፣ ወዳጅነቱ የቱ ጋ ከልብ እንደሆነ እንግዳው ለማወቅ ይቸገራል። በትንሽ ሆቴል ሰው ለሰው በስም መጠራራቱ ይህን በጥቂቱ ያቀልለዋል፤ ልጅ የወጥ ቤቱን ሠራተኛ በስሙ ጠርቶ ሲያመሰግን ድካሙ ባለቤት እንዳለው ይማራል።

በደጅ ካለው መጻተኛ አንጻር ነገሩ ይከፋል፤ የአገሩ ሰው ራሱ በደጅ የቆመ መጻተኛ ሆኗልና። የጃማይካ የ1956 የባሕር ዳርቻ ሕግ ለሕዝቡ ወደ ባሕር የመድረስ አጠቃላይ መብት አልሰጠም፤ በባርቤዶስ ግን ዳርቻው ሁሉ የሕዝብ ነው። በ1963 የጸሎተ ሐሙስ ዕለት በሞንቴጎ ቤይ አቅራቢያ በኮራል ጋርደንስ በተነሣው ግጭት ብዙ ራስተፈሪያን ታፍሰው ተደበደቡ፤ ከመነሻዎቹ አንዱ ለቱሪስት እየተዘጋጀ በነበረ ርስት አቋርጠው ወደ እርሻቸው የማለፍ ጉዳይ ነበር። መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2017 ነው።

በሆቴል ማረፍ ከሰንበት ጋር አይጣላም። የሚጣላው የአንዱ ዕረፍት የሌላውን ሲበላ ነው፤ ለዚህም መለኪያው የታወቀ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1991 ያወጣው 172ኛው ስምምነት ለሆቴልና ለምግብ ቤት ሠራተኞች በቂ የዕለትና የሳምንት ዕረፍት፣ እንዲሁም በቲፕ ላይ ያልተንጠለጠለ መደበኛ ደመወዝ እንዲኖራቸው ይደነግጋል። የ2011ዱ 189ኛው ስምምነት ለቤት ሠራተኞች በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይጠይቃል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያትም፣ በአዲስ አበባ ቤቶች ለሚያገለግሉትም የሚሠራ መለኪያ ነው። ሆቴል የሚመርጥ ቤተሰብ ስለ ቡፌውና ስለ አሸዋው እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ሠራተኞቹ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚያርፉና እንግዳ በሚቀንስበት ወራት ደመወዛቸው ይቋረጥ እንደሆነ ይጠይቅ፤ መልሱን ካላገኘ ሌላ ሆቴል ይምረጥ።